በዐውደ ምሕረት የጠራሁት ስም

ቅስና ተቀብዬ ካገለገልኩባቸው ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፍኩት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ነው። አሁን ጎንደር ከተማ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ረጅም ሰዓት መቆም አልችልም፤ ከቅዳሴ ስወጣ ደክሜ ነው የምወጣው። ወጣት ካህናት አንዳንዴ ወደ ቤቴ እየመጡ፣ ምእመንን በሕዝብ ፊት መገሠጽ መቼና እንዴት እንደሚገባ ይጠይቁኛል። ወደ እኔ የሚመጡት፣ በደህናው ዘመኔ ኃይለኛ ገሣጭ ነበርኩ የሚል ወሬ ስለ ደረሳቸው ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም። ድምፅ ነበረኝ። በሰንበት የሚያርሰውን፣ ጠጥቶ ሚስቱን የሚመታውን፣ ሐዘን ቤት ገብቶ የሚጣላውን ስገሥጽ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝ ነበር። ስጨርስም «ዛሬስ ሸጋ አርገው ነገሩን» ይሉኛል። ያችን ቃል መስማት ከሚገባኝ በላይ እወድ ነበር።

ለጠያቂዎቼ የምሰጣቸው ደንብ የለኝም። ያለኝ የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ሴት ነገር ነው። እሱንም ለማንም ከዳር እስከ ዳር ተናግሬው አላውቅም።

በዚያ ደብር ስቀጠር ገና ወጣት ነበርኩ። ከሚስቴ ጋር የምንገባበት ቤት አልነበረንም። ግንድ ቆርጠው፣ ጎረቤቱን አስተባብረው፣ ጭቃውን ከሰው ጋር አብረው ረግጠው ቤት ያቆሙልን እኒህ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያ ልጄንም ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ስለሆኑ አበልጆች ነን። አያ ነበር የምላቸው። እሳቸውም፣ በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም፣ ቄስ ነኝና አንቱ ይሉኝ ነበር። የደብሩ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሲያፈስ ቆርቆሮ የሚያፈላልጉት እሳቸው ናቸው። በየወሩ ተራ እየያዝን በየቤቱ ጽዋ የምንጠጣበት የእመቤታችን ማኅበርም ነበረን። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ እሳቸው ነበሩ።

ሴትዮዋ የመጣችው በኋላ ነው። ከደብራችን ገበሬዎች አንዱ ጎንደር ገበያ ተዋውቋት አገባትና አመጣት። ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ ከወለቃ ነች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጎረቤቶቻቸው ተራ በተራ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እናትየዋ እዚያው መንገድ ዳር ድስቷን እየሸጠች ቀረች፤ ልጅቷም ሙያውን ከእሷ ተማረች። እኛ ዘንድ ከመጣች በኋላም ጭቃዋን ከወንዙ ዳር እያመጣች ድስትና ገንቦ ትሠራለች። ማኪና ቆሞ መንገደኛ ምሳ በሚበላበት ቦታ ደርድራ ትሸጣለች። የደብሩ ሴቶችም ይገዟታል፤ ድስቷ ቶሎ አይሰነጠቅም ነበር። እሑድ እሑድ ልጆቿን ይዛ ታስቀድሳለች። ንግግሯ ቁጥብ ነው። አንድ ነገር ስትሰማ መጀመሪያ ዝም ብላ ታስብና ኋላ ነው የምትመልሰው።

በአገራችን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ምን እየተባለ እንደሚታማ ለማንም አዲስ አይደለም። ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እኔ ይህን አላምንም ነበር። እንደማላምንም ግን በግልጽ ተናግሬ አላውቅም።

ማኅበር ልግባ ብላ ስትጠይቅ ሙሴው ዝም አሉ። እኔ ተቀበልኳትና ተራ ደረሳት። በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቷ ሄድን። ግድግዳውን አዲስ ለቅልቃዋለች። ጠላው የጠራ፣ ዳቦው የሚያምር ነበር። እኔ ጸሎት አድርሼ ባረክሁ። ከዚያ ጽዋው መዞር ጀመረ፤ ግን የሚጠጣው ሰው ጠፋ። አንዱ ሆዴን አሞኛል አለ። አንዷ ስእለት አለብኝ አለች። ሌላው ተቀብሎ ለጎረቤቱ አሳለፈው። ሙሴው፣ አያ፣ በእጃቸው ምልክት ብቻ አሳዩና አለፉት። ባልየው ወለል ወለሉን ያያል። እሷ ገንቦዋን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እንዲቀዳለት የሚፈልግ ሰው እስኪጠራት ትጠብቃለች።

ጽዋው እኔ ዘንድ ደረሰ። አነሣሁት። ከንፈሬን አራስኩና አስቀመጥኩት፤ አልዋጥኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፣ ብጠጣ ሰዉ ከነገ ጀምሮ ከእጄ መስቀል መሳለም ይተዋል የሚል ነበር። ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብል ዋሸሁ። ያደግሁበት ነገር ነውና ጠላውንም በጥቂቱ ፈርቼዋለሁ። ከሰዉ መካከል ያየኝ ያለ አልመሰለኝም።

ከእሷ ጽዋውን ተረክቦ ለሚቀጥለው ወር የሚደግስም ጠፋ። ተራው የደረሳት ጎረቤቷ ቤቴ ያፈሳል አለች። በመጨረሻ እኔው ይዤው ወጣሁና የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት።

የበደለን ሰው መጀመሪያ ለብቻው መምከር፣ እንቢ ካለ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ መሄድ፣ እሱም ካልሆነ ለጉባኤው መንገር እንደሚገባ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። በዚሁ መሠረት አያን ለብቻቸው ላነጋግራቸው ሄድኩ። ሴትዮዋ ቡዳ ናት የሚለው ወሬ የሚነሣው ከሳቸው ቤት መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አጎንብሰው ገብስ ያጭዱ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ሰሙኝ። እኔ በማንም ላይ ክፉ አልተናገርኩም፣ አለመጠጣትም ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝ ብለው መለሱልኝ። ስለ እሸቱ፣ ስለ ዝናቡ አውርተን ተለያየን።

ሁለተኛውን ጊዜ ሁለት ሽማግሎች ይዤ ሄድኩ። ሽማግሎቹ ምሳቸውን በሉ፣ መረቁ፣ ስለ ፍቅር ጥቂት ተናገሩ። አያም ልክ ናችሁ አሉ። ስንመለስ ከሽማግሎቹ አንዱ ክንዴን ይዞ፣ ነገሩን ምነው እንደምጎረጉረው ጠየቀኝ። እሳቸው የሚሉት ሁላችንም የምንለውን ነው አለኝ። ይህን የነገረኝ በፍቅር ነው። ያን ቀን እቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ፤ ሚስቴ አሞህ ነው ወይ አለችኝ።

ሦስት ወር ያህል እንዲሁ አለፈ። ከዚያ የአያ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ፣ ትኩሳት ያዛት። ወደ ጤና ጣቢያ በመውሰድ ፈንታ ሥር አጭሰው ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙባትና ማን ነው የያዘሽ እያሉ አስለፈለፏት። በትኩሳት የምትቃጠል ሕፃን ከቤተሰቧ ስትሰማው የኖረችውን ስም ጠራች። ያኔ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄዱ። መጥተሽ ትፊባት፣ ልቀቂያት አሏት። ባሏ እርሻ ላይ ነበር። እንቢ ብትል ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ ነጠላዋን ለብሳ አብራቸው ሄደች፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ልጅቷ ላይ እንትፍ አለች፣ ተመለሰች። በማግሥቱ ልጅቷን እኔና አባቷ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። መርፌ ተወግታ ኪኒን ተሰጣትና በአራተኛው ቀን ተነሣች። አያ ግን ያዳናት ትፋቱ ነው ብለው ለሁሉ ተናገሩ።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች። ልጆቿም ቀሩ።

በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆምኩ። ከተማ የሚኖሩ የደብሩ ልጆች ሞንታርቦ ገዝተውልን ነበር፤ ድምፄ እስከ መንገዱ ድረስ፣ ምግብ ቤቶቹ ድረስ ይሰማል። ልናገር ያሰብኩት ሌላ ነበር። ስለ ሐሜት በጥቅሉ ልናገርና ልጨርስ ነበር ያሰብኩት። ግን አያን ከፊት ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፊታቸው የረጋ ሆኖ አየኋቸውና ደሜ ፈላ። ስማቸውን ጠራሁ። በዚህች ሴት ላይ የሆነውን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከዚያም፣

«ይህን ሁሉ ያደረግኸው አንተ ነህ፤ ንስሐ እስክትገባ ከዚህ ቅጥር ሥጋ ወደሙ አትቀበልም» አልኳቸው።

አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በጎንደር ምድር ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው፣ ያውም አበልጅን፣ አንተ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አያ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መቅደሱ ዞረው ተሳለሙና ወጡ። ከምእመኑ እኩሌታው ተከትሏቸው ወጣ። የቀሩትም ሸጋ ነገሩን አላሉኝም።

ሰው መካከል ሆኖ ንግግሬን በስልኩ የቀዳ ነበር። በሳምንቱ ጎንደር ደረሰ፤ ከዚያ ስልክ ለስልክ እየተላለፈ ጠዳ ድረስ የሰማው ሰው ነበር። የአያ ልጆች ከከተማ ደውለው፣ አባታችንን በስተርጅና አዋረድክ አሉኝ። በቀጠለው ወር ለመሥዋዕቱ የሚሆን ስንዴ የሚያመጣ ሰው ቀነሰ። በጓሮ በኩል የሚያልፉ ሰዎች ሰላምታዬን ቀዝቀዝ አድርገው ይመልሳሉ። ይህን ሁሉ ለእውነት የተከፈለ አድርጌ ቆጠርኩት። ሲደክመኝ እንኳ ልቤ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር።

ሴትዮዋ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳትመጣ ስትቀር እኔው ሄድኩ። እጇ ጭቃ እንደ ሆነ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች፣ መቀመጫ አመጣችልኝ፣ ተመልሳ ሥራዋን ያዘች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ሄደው እንደሆነ ጠየቅኋት። መሄድ ትተዋል አለችኝ። ስልክ የያዙ ልጆች የእኔን ድምፅ እየከፈቱ ያሰሟቸዋል አለች። ድሮ በሹክሹክታ የሚታሙትን አሁን በቄሱ አፍ ይሰሙታል። ሰው የሚይዘው ተግሣጹን ሳይሆን ስሟንና ቡዳ የሚለውን ቃል ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ለእሷ ብዬ እንደ ተናገርኩ ነገርኳት። ሰው ሁሉ እውነቱን ማወቅ ነበረበት አልኳት።

የያዘችውን ድስት አፍ በጣቷ አስተካከለች። ከዚያም፣

«አባ፣ ያን ቀን ቤቴ ሲመጡ ጠጥተውልኝ ቢሆን፣ ዛሬ ይህን ሁሉ መናገር ባላስፈለገዎ» አለችኝ።

አይታኛለች። ገንቦውን አቅፋ በሩ አጠገብ የቆመችው እሷ፣ ከሁሉ ይልቅ እኔን ስታይ ነበር። ጥቂት ተቀመጥኩ፤ ባርኬ ወጣሁ። መንገዱ አጭር ነበር፤ ቤቴ እስክደርስ ግን ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፍኩ።

የዚያን ሳምንት እሑድ ሞንታርቦውን ሳላስከፍት ቆምኩ። በጽዋው ቀን ያደረግሁትን ለምእመኑ ነገርኩ። አያን የከሰስኩበትን በደል እኔም ራሴ እንደ ፈጸምኩት፣ እኔ ጠጥቼ ቢሆን ምናልባት ብዙ ሰው ይጠጣ እንደ ነበር፣ አንተ ማለቴም ቁጣ እንጂ ተግሣጽ እንዳልነበረ ተናገርኩ። ይቅር በሉኝ ብዬ አጎነበስኩ። ይቅር ይበልዎ ያሉ ነበሩ። አስማት አድርጋበት ነው ብለው ያወሩም ነበሩ። የስልክ ቀጂው ያን ቀን አልቀዳም፤ ቢቀዳም የሚሰማለት አያገኝም ነበር።

አያ ሌላ ደብር መሄድ ጀምረው ነበር፤ ለሳቸው ዕድሜ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። አሥር ወር ያህል አልተያየንም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ግን በቀን፣ ብቻቸውን፣ ቤቴ መጡ። የሠሩት ቤት ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ውኃ ጠጡ። ክርስትና ያነሡትን ልጄን አስጠርተው ሳሙት። እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አነሡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ስሜን ከመጥራትዎ በፊት፣ ልጅቷ ከዳነች በኋላ ሄጄ ሴትዮዋን ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ከጠሩት ወዲያ ግን ብሄድ ቄሱን ፈርቶ ነው ይሉኛል። መንገዱን ዘጉብኝ።»

አሁንም ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ አብሬያቸው እንደምሄድ ነገርኳቸው። አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ያሉት እውነት ይሁን፣ ወይም አለመሄዳቸውን ለራሳቸው የሚያስረዱበት ሰበብ ይሁን፣ እስካሁን አላወቅሁም። ትፋቱ ልጅቷን እንዳዳናት አሁንም እንደሚያምኑም ነገሩኝ። የጣልኩባቸውን እገዳ አነሣሁ። ጾሙን እኛ ዘንድ አስቀደሱ። ሴትዮዋም ከፋሲካ በኋላ ልጆቿን ይዛ ተመለሰች፤ ግን ከደጀ ሰላሙ አልፋ አትገባም፣ ማኅበርም አልጠየቀችም። ማኅበሩ ራሱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። እኔ ከሁለቱም አልሆንኩም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቼ በሕመም ምክንያት ወደ ከተማ ተዛወርኩ። የሸኘኝ ሰው ብዙ ነበር። እነማን እንደቀሩም አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ለአንድ የዘመድ ጉዳይ በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ ሰው ሻይ ሊጠጣ ኮሶዬ ላይ ወረደ። መንገድ ዳር ድስቶቿን ደርድራ አየኋትና ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳት። ከብዳለች፤ ጸጉሯ ከፊቱ ሸብቷል። ትልቋ ልጇ ጎንደር ሆና እየተማረች እንደሆነ ነገረችኝ። አያ ከወር በፊት መሞታቸውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ማንም አልደወለልኝም ነበር። ቀብር ሄጄ ነበር አለችኝ። ማንም ምን አመጣሽ አላላትም። ከቀብር በኋላ ዳቦ ጋግራ ሐዘን ቤት ወስዳለች፤ የአያ ልጅ ከእጇ ተቀበለቻት።

«በሉት?» አልኳት።

«እሱን አላየሁም፤ ሰጥቼ ወጣሁ» አለች።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከሸጠችልኝ ድስት በቀር ይዤው የሄድኩት ነገር የለም። መንገዱን ሁሉ ስለ አያ አሰብኩ። ለዚያ ቤት ግድግዳ የረገጡት ጭቃ፣ ከልጄ ጋር የተነሡት ፎቶ፣ አንተ ስላቸው የነበረው ፊታቸው ዓይኔ ላይ መጣ። ከእኔ ጋር በይቅርታ መለያየታቸውን አውቃለሁ። ከእሷ ጋርስ የሚለውን ግን ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

አሁን ባለሁበት ደብር ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሰበብ ተጣልተው በእናታቸው ተዝካር ላይ ሳይቀር ተደባድበዋል። ሰበካ ጉባኤው ባለፈው ስብሰባ፣ እንደ ድሮው በዐውደ ምሕረት ስማቸውን ጠርቼ እንድገሥጻቸው ጠየቀኝ። አንዱ ወጣት ዲያቆን፣ ለሌላውም ትምህርት ይሆናል አለ። ምናልባት ልክ ነው። በሕዝብ ፊት መገሠጽ ፈጽሞ አይገባም ልል አልችልም፤ የሚገባበት ቀን አለ፤ እኔም ያን ቀን አስቀድሜ ማወቅ አልቻልኩም። መጀመሪያ ቤታቸው እሄዳለሁ አልኳቸው። አንደኛው ከቀሐ ወንዝ ማዶ ነው የሚኖረው፣ ሌላው አዘዞ። ለጉልበቴ ሁለቱም ሩቅ ነው። ዲያቆኑ በስልክ ልደውልላቸው ወይ አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። ቅዳሜ እነሣለሁ። ከሁለቱ የማንኛቸው ቤት ቀድሜ እንደምገባ ገና አልወሰንኩም።